ከወይጦ ወደ ቱርሚ፤ የመኪና ትንፋሽና የደረቅ ወንዝ ነገር

ከኮንሶ ወደ ደቡብ ኦሞ በሚወስደው መንገድ የሚመላለሱትን ፒካፖች ልብ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ከፊት መስታወታቸው ጎን ቀጥ ብሎ እስከ ጣሪያው የሚወጣ ጥቁር ቧንቧ አላቸው። ሾፌሮች ስኖርክል ይሉታል። ጭስ ማውጫ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። አየር የሚገባበት፣ የሞተሩ አፍንጫ ማለት ነው። ኮፈን ውስጥ ተደብቆ ከሚቀር ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከውሃና ከአቧራ ከፍ ብሎ ይተንፍስ ተብሎ የተሠራ ነው።

የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለ ቧንቧ ያለው አሮጌ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና አለው። ከአርባ ምንጭ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሚስማርና ለስላሳ መጠጥ ጭኖ አርቦሬና ቱርሚ ያራግፋል፤ ሲመለስ ማርና ፍየል ይጭናል። ሰውም ይጭናል። ይህን በጋዜጣ መጻፌን አይወድልኝም፤ እውነት ግን ነው። መጋቢት ላይ ደውሎ፣ «አክስቴ፣ ጋራዡ ስኖርክሉን ቀይረው ይለኛል» አለኝ። የቀረበለት ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ከአሮጌው በጣም የሚሰፋና ከጣሪያው በላይ የሚረዝም ቧንቧ ነው። ዋጋው የሁለት አዳዲስ ጎማ ዋጋ ነው። እስከዚህ ድረስ የወንዶች ወሬ ነው ብዬ በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው። «ይህን ካስገባሁ እኮ የማልሻገረው ወንዝ አይኖርም» ሲል ግን ነቃሁ።

«አንቺ ዕድሜሽን ሁሉ የሰው ትንፋሽ ስታዳምጪ የኖርሽ ነሽ፤ መጥተሽ ፍረጂ» ብሎ ቀለደብኝ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ቱርሚ የቀረች የድሮ የሥራ ባልደረባዬንም ካየኋት ዓመታት አልፈው ነበርና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሄድኩለት።

ከአርባ ምንጭ ስንወጣ ገና አልነጋም ነበር። በስተግራ ጫሞ ሐይቅ ከጉም ሥር ይታያል፤ ግራና ቀኙ ሙዝ ነው። የሙዝ ዘለላ በራሳቸው የተሸከሙ ሴቶች ከመንገዱ ዳር ቆመው የሲኖትራክ ሾፌሮችን ይጠብቃሉ። ይህን መንገድ ድሮ የሚያውቁት ሰዎች ወገባቸውን ይዘው ነው የሚያስታውሱት። ዛሬ አስፋልቱ በኮንሶ፣ በወይጦና በቀይ አፈር አድርጎ እስከ ጂንካ ይዘልቃል። ትልልቆቹ ወንዞች ድልድይ አላቸው። በዚያ በኩል ብቻ ለሚሄድ ሰው ስኖርክል እንደ ወርቅ ጥርስ ነው፤ ያምራል እንጂ አያኝክም። የእህቴ ልጅ ደንበኞች ያሉት ግን ከአስፋልቱ ውጭ፣ ከወይጦ ወደ አርቦሬ በሚታጠፈው ሜዳ ላይ ነው። ጥያቄውም እዚያ ነው ጥያቄ የሚሆነው።

ኮንሶ ስንደርስ ካራት ላይ ቆመን ኩርኩፋ በላን፤ ከእህል ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለው ምግብ ነው። ሽፈራውን ለእናቶች ስንመክር የኖርን ሰዎች ስለሆንን ሳህኔን ጨርሼ ነው የተነሣሁ። ከከተማው ወጣ ሲሉ የሚታየውን የድንጋይ እርከን ብዙዎቻችሁ በፎቶ አይታችሁታል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ነው፤ ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲደረደርበት የኖረ ተራራ። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ውበቱ ሳይሆን ሥራው ነው። እርከኑ አፈር ይይዛል እንላለን፤ መጀመሪያ የሚይዘው ግን ውሃውን ነው። የወረደው ዝናብ በአንድ ጊዜ ተንደርድሮ ቆላው ላይ እንዳይደርስ በየደረጃው «ቆይ፣ ቆይ» ይለዋል። ትርፉን ደግሞ ሃርዳ በሚሉት ኩሬ ያጠራቅሙታል። የኮንሶ ገበሬ ውሃን በጉልበት አይገጥምም። ከኮንሶ ወዲያ ያሉት ራቁታቸውን የቀሩ ኮረብቶች እንዲህ ያለ ልጓም የላቸውም፤ እነሱ ላይ የዘነበው ሁሉ እንደ ዘነበ ይወርዳል።

ወደ ወይጦ ስትወርዱ ሙቀቱ በር እንደ ተከፈተ ምድጃ ፊታችሁን ይመታል። የወይጦ ወንዝ ከሰገን ጋር ወደ ጨው ባሕር የሚፈስ ነው። ድልድዩን አልፈን ከትንሿ ከተማ ዳር፣ ከግራር ጥላ ሥር ቆምንና ኮፈኑን አስከፈትኩት።

ትንሽ ሒሳብ ልንገራችሁ። ጤነኛ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ 6 ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል። የእህቴ ልጅ መኪና 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር ወደ 2,500 ሊትር ይስባል። የ400 ሰው ትንፋሽ ማለት ነው። አቧራ ላይ ሲነዳ 400 ሰው አፉን ከፍቶ አቧራ ይስባል። ፊልትሮውን አውጥቶ መሬት ላይ ሁለቴ ሲያራግፈው የወረደው ዱቄት አንድ ስኒ ይሞላል። ይህ ሁሉ ያለ ማጣሪያ ቢገባ ሞተሩን ከውስጥ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከመሬት ከፍ ያለ አየር አቧራው ቀለል ስለሚል፣ ስኖርክሉ ፊልትሮውን በእርግጥ ያግዛል። እኔ ያየሁት የዚህ ቧንቧ የዕለት ተዕለት ጥቅም ይህ ነው፤ ጋራዡ ግን ይህን አልነገረውም። ወሬው ሁሉ ስለ ወንዝ ነበር። ወንዝ በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ አቧራ ግን በየቀኑ ነው።

ሰፊው ቧንቧስ? «ሰፋ ያለ አየር፣ ሰፋ ያለ ጉልበት» ብለውታል። ይህችን እኔ ከሆስፒታል አውቃታለሁ። በሽተኛ ላይ የሚገጠም የኦክስጂን ቱቦ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ፣ መጨረሻ ላይ አየሩ የሚያልፈው በጠባቡ ቦታ ልክ ነው። የመኪናውም ያው ነው። ቧንቧው ከላይ እንደ ክንድ ቢሰፋ፣ ከፓራፋንጎው ጀርባ ወደ ፊልትሮው ቤት የሚገባበት ቀዳዳ ፋብሪካው የሠራው ነው፤ አልሰፋም። ያልተነካካ ሞተር ደግሞ ፋብሪካው ከሰጠው ትንፋሽ በላይ አይጠይቅም። ብረቱ የሚጨምርለት ነገር ቢኖር ጋቢና ውስጥ የሚሰማ ፉጨት ነው።

ከዚያ አንዲት የቆየች ፈተና እንድንሠራ ጠየቅሁት። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የስኖርክሉን አፍ በወፍራም የጎማ ቁራጭ ግጥም አድርጎ መድፈን ነው። ቧንቧው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ አየር አጥቶ ወዲያው መንፈራገጥና መጥፋት አለበት። ካልጠፋ በሌላ ቀዳዳ እየሳበ ነው፤ አየር የገባበት ቀዳዳ ደግሞ ውሃን «አንተ አትግባ» አይልም። አፍንጫቸው ተይዞ ደረታቸው መነሣቱን የማያቆም ሕመምተኞችን አይቻለሁ፤ በአፋቸው እየተነፈሱ ነው።

ረዳቱ ልጅ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጎማውን ጫነበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እስከ ሃያ ቆጠርን። ሞተሩ ምንም አልመሰለውም፤ እንደ ወፍጮ ይዞራል። የእህቴ ልጅ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። በዚህ ቧንቧ ተማምኖ ስንት ጊዜ ውሃ ውስጥ ገብቷል!

ፈልገን ያገኘነው ይህ ነው። ቧንቧውና የፊልትሮው ቤት የሚጋጠሙበት ላይ ማሰሪያው የለም፤ ላስቲኩ ተሰንጥቋል። የፊልትሮው ቤት ታች ላይ ውሃና አቧራ የምታንጠባጥብ ትንሽ የላስቲክ አፍ መኖር ነበረባት፤ ወድቃለች፤ ቀዳዳው ክፍት ነው። ቀዳዳው ያለበት ቦታ ስንለካው ከእኔ ወገብ ዝቅ ይላል። ረጅም አፍንጫ ያለው፣ ጉሮሮው ግን የተቀደደ መኪና ነበር ሲነዳ የኖረው። ብረቱን ገዝቶ ቢያስገጥም ኖሮ ያው ማሰሪያ በሌለው ላስቲክ ላይ ነበር የሚያርፈው። ቧንቧ የሚሸጥ ሰው ከላይ የሚታየውን ይሸጣል፤ የጀርባውን ማሰሪያ የሚጠይቅ ገዢ ስለሌለ።

ውሃ ወደ ሞተር ቢገባ ምን ይሆናል የሚል አንባቢ ይኖራል። ናፍጣ ሞተር አየሩን በብዙ እጥፍ አፍኖ ነው እሳት የሚያስነሣው። አየር ይታፈናል፤ ውሃ አይታፈንም። ፒስተኑ በሙሉ ኃይሉ ሲወጣ ከላይ ውሃ ከጠበቀው፣ ከታች የያዘው ዘንግ ይቆለመማል። ሞተሩ ባለበት ቀጥ ይላል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል። ውሃ ውስጥ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ሰው የሚሠራው የመጀመሪያ ነገር ሞተሪኖውን ደጋግሞ መቀስቀስ ነው፤ ያልተቆለመመውም ያኔ ይቆለመማል። ስኖርክል፣ ከነማሰሪያው ጤነኛ ከሆነ፣ ከዚህ ያድናል። ይህን አልክድም።

ከሌላው ግን አያድንም። ዲፈረንሻሉም ይተነፍሳል፤ ከላዩ አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አለችው። በአስፋልትና በአሸዋ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራልና ያገኘውን ይስባል። ያገኘው ውሃ ነው። ከሳምንት በኋላ ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ይወጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀጭን ቱቦ ቀጥሎ እስከ ኮፈን ድረስ ማውጣት ነው፤ ርካሽ ነው፤ ስለማይታይ ማንም አይኩራራበትም። ዲናሞውም አለ፤ የበሩም ላስቲክ አለ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የመኪናው ክብደት አለ። ይህን ለእህቴ ልጅ ከግራሩ ሥር በጣቴ አሸዋ ላይ እየጻፍኩ ነው የነገርኩት። መኪና ገፍቶ ባራቀው በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውሃ ልክ አንድ ቶን ይቀልላል። ባዶውን ከሁለት ቶን ብዙም የማይበልጥ ፒካፕ፣ ውሃው ከጋቢናው ወለል ከፍ ሲል ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይሄዳል። የሚፈስ ውሃ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና፣ ፒካፕም ቢሆን፣ ሊወስድ ይችላል። ፋብሪካው ለአዲሶቹ ሃይሉክሶች የሚሰጠው የውሃ ጥልቀት ልክ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ያውም ለረጋ ውሃ ነው የሚታሰበው። እንግዲህ አስቡት፤ ቧንቧው ከጣሪያ በላይ ሁለት ሜትር ላይ ሆኖ ሞተሩ በደንብ እየተነፈሰ፣ መኪናው እየተንሳፈፈ ወደ ጨው ባሕር ይወርዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት የእኛ ሰዎች ይህን አይተው ነው።

እሱም ዝም አላለም። «አክስቴ፣ ወንዙ ዳር የታመመ ሰው ይዤ ብቆምስ? እዚያ እኮ ከእኔ በቀር መኪና የለም» አለኝ። ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ወዲያው አልሰጠሁትም፤ መንገድ ጀመርን።

ከወይጦ ወደ አርቦሬ የሚወስደው ሜዳ ስፋቱ ዓይን ያደክማል። ግራር፣ ኩይሳ፣ እንደገና ግራር። የፀማይ ልጆች ፍየል እየነዱ መኪናውን ሲያዩ በአንድ እግራቸው ቆመው ይጠብቃሉ፤ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚፈልጉት። ለባዶ ጠርሙስ ብዙ ጥቅም አላቸው። መንገዱን የሚያቋርጡት ወንዞች አሸዋ ናቸው። በበጋ ብታዩዋቸው ወንዝ መሆናቸውን የሚነግራችሁ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ዛፍ ብቻ ነው። ቱርሚ አጠገብ ያለው ካስኬም እንዲሁ ነው፤ ሴቶች አሸዋውን በእጃቸው ቆፍረው ከሥር ውሃ በቅል ይቀዳሉ። በዝናቡ ወራት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ኋላም በጥቅምትና በኅዳር፣ ራስ ላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ተራራው ላይ የዘነበው ይመጣል።

ለእኛም መጣልን። ሰባት ሰዓት ገደማ አንዱ የአሸዋ ወንዝ ዳር ስንደርስ ቡናማ ውሃ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ደመና የለም። ድምፁ ከሩቅ ጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ ይመስላል። ከማዶ በኩል አንድ ሽማግሌ በርኮታቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ በዚህ በኩል ፍየል ጠባቂ ልጆች አሉ። አንዱ አማርኛ ይችላል። የእህቴ ልጅ፣ «ጉልበት ድረስ ነው፤ ትናንት አልፌዋለሁ» አለ። ልጁ ሽማግሌውን ጮኾ ጠየቃቸውና መልሱን ነገረን፤ «አረፋና እንጨት ይዞ እየመጣ ነው፤ ገና እየጨመረ ነው ይላሉ። እንጨቱ ሲቀር ይጎድላል።» እውነት ነበር። ቅርንጫፍ፣ ሥር፣ አንድ ጊዜም ሙሉ የዛፍ ግንድ አለፈ። ያ ግንድ በመኪናው በር ላይ ቢመጣ ስኖርክል ምን ይለዋል?

አንድ ድንጋይ ከውሃው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። ይህን ያስተማሩኝ በ1980ዎቹ እዚሁ አካባቢ ስሠራ የጤና ጣቢያችን ሾፌር የነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ድንጋዩን ውሃ ከሸፈነው ቡና ይፈላል፤ ድንጋዩ ደርቆ ውሃው ከራቀ ሱሪ ተጠቅልሎ በዱላ እየለኩ ይገባል፤ በእግሩ መቆም ያልቻለበት ሰው በመኪና አይገባበትም። የጋሼ ላንድክሩዘር ስኖርክል አልነበረውም። ከእሳቸው ጋር ስሠራ በነበርኩባቸው ዓመታት ግን አንድም መኪና ውሃ ውስጥ ትተን አልተመለስንም።

ለእህቴ ልጅ የሚገባውን መልስ የነገርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ወንዙን እያየን። አንድ ሌሊት ከሐመር በኩል የወለደች እናት ይዘን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ እንዲህ ያለ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። እንግዴ ልጁ ወጥቷል፤ ማሕፀኗ ግን አልኮማተር ብሎ ደም ይፈሳታል። ባሏ ከኋላ ተቀምጦ ጋሼን ይለምናቸዋል፤ እኔም ልመናው ውስጥ ነበርኩ ማለት ይቻላል፤ ዓይኔ ውሃው ላይ ነው። ጋሼ ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ እኔ ድንጋዩን አያለሁ» አሉኝ። በፋኖስ ብርሃን ሆዷን እየደለኩ፣ ኤርጎሜትሪን ወግቼ፣ ፊኛዋን አስባዶ አድርጌ፣ ሕፃኑን ጡቷ ላይ አስይዤ፣ ግሉኮሱን መኪናው ጣሪያ ላይ ካለው ብረት ላይ አንጠልጥዬ ቆየሁ። ማሕፀኗ እጄ ሥር እንደ ኳስ ሲጠነክር ይሰማኛል፤ ደግሞ ይለሰልሳል፤ ደግሞ እደልካለሁ። ውሃው የጎደለው ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። እናትየዋ ተርፋለች።

«ባይጎድልስ ኖሮ?» አለኝ። ባይጎድል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እኔም አላውቅም፤ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ብንገባበት ግን ውሃው የሚወስደው አንድ ሰው አልነበረም፤ ስድስት ነበርን፤ አንዱ የሁለት ሰዓት ዕድሜ ያለው። ያን ሌሊት እናትየዋን ያቆያት ሳጥኑ ውስጥ የነበረው መድኃኒትና ግሉኮስ ነው።

የደራሽ ውሃ ነገር ለዚህ አገር ተረት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ድሬዳዋ ላይ ያ በበጋ ሰው የሚመላለስበት አሸዋማው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ሳምንት ያህል ቆይቶ ነሐሴ ላይ ኦሞ ወንዝ ዳሰነች ላይ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ፤ ከብቱ ቁጥር የለውም። ያኔ ዜናውን ስሰማ እነዚያን ሰዎች በመልክ አስብ ነበር፤ ክትባት የሰጠኋቸው ልጆች አድገው በዚያ ወንዝ ዳር ይኖሩ ነበርና።

ወንዙ ዳር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረንም። ቡና ተፈላ። የፍየል ጠባቂዎቹ ብስኩታችንን ጨረሱ። በዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ እንጨቱ ቀረ፣ አረፋው ወደ ዳር ተጠጋ፣ ድንጋዬም ሁለት እርምጃ ደረቅ አሸዋ ላይ ቀረች። ረዳቱ ልጅ ገብቶ ለካ፤ ከጉልበቱ በታች ነው። የተቀደደውን ላስቲክ በጨርቅና በፕላስተር ጠቅልለን (ፕላስተሩ የእኔ ነው፤ ለቁስል የያዝኩት) ቀዳዳዋን በቡሽ ደፍነን፣ በመጀመሪያ ማርሽ ቀስ ብሎ ሳይቆም ተሻገረ። ሽማግሌው ከማዶ በጣታቸው መውጫውን አሳዩን። ሳሙናና ጨው ብንሰጣቸው ጨዉን ብቻ ወሰዱ።

ቱርሚ የደረስነው በጨለማ ነው። በማግስቱ ሰኞ፣ የገበያ ቀን ነበር፤ የሐመር ሴቶች ጸጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ተሠርተው፣ ቅላቸውን ይዘው ከየመንደሩ ይገባሉ። ባልደረባዬ ጠጉሯ ሸብቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው፤ ገበያው መካከል ሆና ከሩቅ ስትጠራኝ ሰው ሁሉ ዞረ። እሷም ስለ ስኖርክሉ ሰምታ የሰጠችው ፍርድ ከእኔ ያጠረ ነው፤ «ገንዘቡን ለድንኳንና ለውሃ ማጣሪያ ያውለው፤ ወንዝ ዳር ማደሩ አይቀርም።»

የእህቴ ልጅ ግን አንድ ነገር አስረዳኝ፤ ይህንንም ልጽፍለት ይገባል። ቱርሚ ላይ መኪና የሚከራዩ እንግዶችና አስጎብኚዎቻቸው መኪናን በቧንቧው ነው የሚመርጡት። ረጅምና የሚያብረቀርቅ ያለው ቶሎ ይያዛል። ስለዚህ ብረቱ ለወንዝ ባይሆን ለገበያ ይሠራል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ እኛም ድሮ ነጭ ጋውን ስንለብስ መርፌያችን ብዙ አያምም ነበር። ነገር ግን ጌጥን እንደ ጌጥ ገዝቶ በጌጥነቱ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ጌጡን ተማምኖ ሰው ጭኖ ውሃ መግባት ሌላ ነው። ይህን ስነግረው ጥርሱን ነከሰ እንጂ አልመለሰልኝም። ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ የቀየረ አይመስለኝም።

አርባ ምንጭ ስንመለስ ወደዚያው ጋራዥ አልሄድንም። ሌላ ቦታ፣ ዕድሜ የጠገቡ መካኒክ ዘንድ ገብቶ አሮጌውን ስኖርክል አስፈታው። የተሰነጠቀው ላስቲክ ተቀየረ፤ በሁለቱም ጫፍ የብረት ማሰሪያ ገባ፤ የጠፋችው የላስቲክ አፍ ከሌላ አሮጌ መኪና ተፈልጋ ተገጠመች። ለዲፈረንሻሎቹና ለካምቢዮው ቀጭን ቱቦ እስከ ኮፈን ተሳበላቸው። አዲስ ፊልትሮም ገዛ። ሁሉም ተደምሮ የብረቱን ዋጋ ሩብ አልደረሰም። የቧንቧው አናት ላይ አቧራን እያሽከረከረ የሚያስወጣ፣ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ክዳን ደግሞ ሲተርፈው ሊገዛ አስቧል፤ በእሱ ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ የአርቦሬን አቧራ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በተረፈው ገንዘብ ሠላሳ ሜትር ገመድ፣ ሁለት የውሃ ጀሪካንና አንድ ቆርቆሮ ሳጥን ተገዛ። ሳጥኑን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ፋሻ፣ ጓንት፣ ኦአርኤስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ንጹሕ አንሶላና ለወላድ የሚሆን ምላጭና ክር።

መካኒኩ ሞተሩን አስነሥተው በመዳፋቸው የስኖርክሉን አፍ ሲደፍኑት ሁለት ጊዜ ሳል ብሎ ጠፋ። የእህቴ ልጅ ደጋግሞ ካስነሣ በኋላ ራሱ ወጥቶ ደፈነው፤ አሁንም ጠፋ። ረዳቱም ተራ ጠየቀ።